የጎጀብ ቁልቁለት

የሺሃረግ ወልደ ጊዮርጊስ መሪ በጨበጠችበት ጊዜ ቦንጋ ላይ ሴት ሾፌር ብርቅ ነበር። ባሏ ድንገት ታሞ ሲሞት አንዲት ሴት ልጅና አንዲት ነጭ ፊልድ መኪና ትቶላት ሄደ። ዘመዶቿ ተሰብስበው «መኪናዋን ሽጪና ሱቅ ክፈቺ» አሏት። እሷ ግን መንዳቱን ባሏ በሕይወት እያለ በየእሁዱ ሜዳ እየወሰደ አስጀምሯት ነበርና ጅማ ሄዳ ትምህርቱን ጨረሰች፤ መንጃ ፈቃዷን ይዛ ተመለሰችና ቁልፉን ከተሰቀለበት ግድግዳ ላይ አወረደች። ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ይህ ነገር ሲደርስባት አርባ አራት ሞልቷታል።

ሥራዋ የታክሲ ሥራ አልነበረም። መንገድ ዳር እጁን ለሚዘረጋ ሰው አትቆምም። በስልክ ነው የምትጠራው። አውሮፕላን ለመሳፈር ጅማ የሚሄድ ነጋዴ፣ ማንኪራ ድረስ ወርዶ የጫካ ቡና ማየት የሚፈልግ ገዢ፣ ዩኒቨርሲቲው የጋበዘው እንግዳ፣ የሠርጓ ቀን የደረሰ ሙሽራ፣ ሁሉም የሺን ይላሉ። ወንበሮቹን በነጭ ጨርቅ አልብሳ፣ በየበሩ ኪስ የታሸገ ውሃ አስቀምጣ፣ መስታወቱን በጋዜጣ ወልውላ ከቀጠሮው አሥር ደቂቃ ቀድማ በር ላይ ትገኛለች። ተሳፋሪው ካላወራ አታወራም። ጉድጓድ ሲገጥማት እንቅልፍ የወሰደው ልጅ እንደምታስተኛ ሰው መኪናዋን ቀስ አድርጋ አስገብታ ቀስ አድርጋ ታወጣዋለች። በእሷ መኪና የሄደ ሰው ስለ መንገዱ ሲጠየቅ «እንቅልፍ ወስዶኝ አላየሁትም» ነው የሚለው።

በመጀመሪያው ዓመት ግን ስልኳ አይጮህም ነበር። ደውለው የሴት ድምፅ ሲሰሙ «ሾፌሩን አቅርቢልኝ» የሚሉ ነበሩ። ያንን የሰበሩላት ጋሽ ፍቃዱ ናቸው። የማርና የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ቃላቸው አጭር፣ ሚዛናቸው ትክክል፣ ሲቆጡም ሲያመሰግኑም በሰው ፊት የሚናገሩ ሰው። አንድ ቀን ባለቤታቸውን እትዬ ዓባይነሽን ከጎናቸው አስቀምጠው በየሺሃረግ መኪና ዴካ ድረስ ሄደው ተመለሱ። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። ደጃቸው ላይ ሲወርዱ ጎረቤት እየሰማ «ከዛሬ ጀምሮ የቤቴ ሾፌር አንቺ ነሽ» አሏት። ከዚያ በኋላ ስልኩ መጮህ ጀመረ። የሺሃረግ ያቺን ቀን ስምንት ዓመት ሙሉ አልረሳቻትም።

የጋሽ ፍቃዱ ልጅ ማርቲ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ከአዲስ አበባ ወደ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። ሕፃኗ ተወለደች፣ ሃሌሉያ ተባለች፣ አራት ወር ሞላት። መስከረም ሲጠባ ማርቲ ወደ ባሏ የምትመለስበት ቀን ተቆረጠ፤ ማክሰኞ፣ ከጅማ በስድስት ሰዓት በሚነሳው አውሮፕላን። እትዬ ዓባይነሽ አብረዋት ሊሄዱና እዚያው ጥቂት ሊሰነብቱ ነው። የሚያደርሳቸው ማን እንደሆነ ጥያቄም አልነበረም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የሺሃረግ እንደ ልማዷ መኪናዋን ሙሌ ጋራዥ ወሰደቻት። ረጅም መንገድ ከመውጣቷ በፊት ሙሌ ሳያያት አትሄድም። ሙሌ ከመኪናዋ ሥር ብዙ ቆየ። ሲወጣ ጣቱን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«የኋላ ግራ ጎማ ጋ ያለው የፍሬን ቱቦ ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል። ዘይት ማላብ ጀምሯል። መቀየር አለበት» አላት።

«ቀይረዋ።»

«የዚህ መኪና ልክ ቦንጋ ውስጥ የለም። ጅማ ደውዬ አስልካለሁ፤ ረቡዕ ይደርሳል።»

«ነገ ጅማ እኔ ራሴ አለሁ እኮ።»

ሙሌ ቀና ብሎ አያት። «ሰው ጭነሽ?»

«የጋሽ ፍቃዱን ቤተሰብ።»

«የሺ፣ በዚህ ሁኔታ ሰው ጭነሽ ጎጀብ አትውረጂ።»

«ምን ያህል ይቆያል?»

«እሱን ማን ያውቃል? ሳምንትም ሊቆይ ይችላል፣ አንድ ሰዓትም ሊቆይ ይችላል።»

የሺሃረግ ሳምንት የሚለውን ሰማች።

የጎደለውን የፍሬን ዘይት አስሞላችና መኪናዋን ይዛ ወጣች። ቤቷ ደጅ ስትደርስ ሞተሩን አጥፍታ ሳትወርድ ተቀመጠች። ተክለጻድቅ የሚባል ሌላ ሾፌር አለ። ጥቁር መኪና ካመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ወንበሩ ቆዳ፣ ውስጡ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ። በጋሽ ፍቃዱ ደጅ ባለፈ ቁጥር ክላክስ እያደረገ ሰላምታ እንደሚሰጥ ታውቃለች። ስልኳን አውጥታ ስሙን ፈለገች፣ አገኘችው፣ አየችው። አንድ ቀን ብቻ ነው ደውላ «ነገ አድርስልኝ» ብትለው። ግን ማርቲ በዚያ ቆዳ ወንበር ላይ ተመቻችታ ስትቀመጥ፣ እትዬ ዓባይነሽ «ይሄኛው ደግሞ እንዴት ይቀዘቅዛል» ሲሉ ታያት። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀስ ብዬ እነዳለሁ አለች ለራሷ። በማርሽ እይዛታለሁ፣ ፍሬኑን አላበዛበትም፤ ካደረስኳቸው በኋላ እዚያው ጅማ አስቀይሬ ባዶዬን እመለሳለሁ። ነገሩ በእውነት የሚሆን ይመስል ነበር። ራትም በላች፣ እንቅልፍም ወሰዳት።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ፍቃዱ ደጅ ደረሰች። ስትቆም የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው ትንሽ ጠለቅ አለባት። ሁለት ጊዜ ስትረግጠው ተመለሰ። ሻንጣውን ጫነች፣ ማርቲና እትዬ ዓባይነሽ ሕፃኗን ይዘው ከኋላ ገቡ። ጋሽ ፍቃዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንድ እጃቸውን በመኪናው ጣሪያ ላይ አሳርፈው ጸለዩ። መንገዱን እንዲያቀና፣ ከክፉ እንዲጠብቅ፣ የሾፌሯን እጅ እንዲያጸና። ሁሉም አሜን አሉ። የሺሃረግም አሜን አለች።

«ሦስቱንም ላንቺ ሰጥቻለሁ» አሏት በመስኮቱ ጎንበስ ብለው።

«ሐሳብ አይግባዎት» አለች። ምላሷ ከብዷት ነበር፤ እሳቸው ግን ሌላ ጊዜም ብዙ የማታወራ ስለሆነች አላስተዋሉም።

እስከ ጊምቦ መንገዱ ደህና ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር አስፋልቱ ርሷል፤ ጉም በየዛፉ ላይ ተንጠልጥሏል። እትዬ ዓባይነሽ ለልጅ ልጃቸው በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ ቀስ ብለው ያንጎራጉራሉ። የሺሃረግ አያቶቿ ከሰሜን የመጡ ቢሆኑም ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ስለሆነ ግማሹን ትሰማዋለች። ጆሮዋ ግን እዚያ አልነበረም። ሁሉ ነገሯ ቀኝ እግሯ ላይ ነው። ባጃጅ ከፊቷ ሲገባ ረገጠች፤ ያዘ። አህያ ሲያቋርጥ ረገጠች፤ ያዘ፣ ግን ጠልቆ። ከጊምቦ መውጫ ላይ ስትረግጠው ደግሞ እግሯ ስፖንጅ የረገጠ መሰላት።

እዚያ ላይ ለመቆም አሰበች። ዳር ለመያዝ የቀኙን ፍሬቻም አበራች። ቁሜ ምን እላለሁ? ትናንት ነግረውኝ ነበር ልበል? ተክለጻድቅን ከቦንጋ ልጥራ?

«እትዬ የሺ፣ ሰዓቱ ይደርሳል አይደል?» አለች ማርቲ ከኋላ።

«ይደርሳል» አለች። ፍሬቻውን አጠፋችው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ መውረድ ይጀምራል። በቀኝ ተራራው ተቆርጦ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በግራ ገደሉ ነው፣ ከሥሩ የሸለቆው ሙቀት ጉሙን እየገፋ ይወጣል። የሺሃረግ ሦስተኛ ማርሽ አስገብታ ሞተሩ እንዲይዝላት ለቀቀችው። ሁለት ጠምዛዛ በሰላም ዞረች። ሦስተኛውን እንደዞረች ጭነቱን ቆልሎ በዝግታ የሚወርድ ተሳቢ ከፊቷ ተገተረ።

ረገጠች። ፔዳሉ ያለ ምንም ድምፅ ወለሉ ድረስ ወረደ።

ደግማ ረገጠች። ሦስተኛ። አራተኛ። እግሯ ከባዶ በቀር የሚገጥመው ነገር አጣ። እጇ ግን ሳትነግረው ሁለተኛ ማርሽ ፈልጎ አስገባ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ወደ ፊት ተንገጫገጨች።

«ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ዓባይነሽ።

የሺሃረግ የእጅ ፍሬኑን ይዛ ጥቂት በጥቂት ሳበች፤ በአንዴ ብትስበው የኋላው ጎማ ይንሸራተትና መኪናዋ ወደ ገደሉ ትዞራለች። ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ግን ተሳቢው እየቀረበ ነው። በግራ ልታልፈው አየች። ሚኒባስ ሽቅብ እየወጣ ነው፣ ጣሪያው ላይ ሻንጣ የተጫነ፣ ሰው የሞላው። ክላክሷን ተጭና አልለቅ አለች። ሚኒባሱ በጎኗ ሽው ብሎ አለፈ። በተሳቢው የኋላ ብረትና በእሷ መካከል አንድ መኪና የሚያስገባ ቦታ አልቀረም።

መሪውን ወደ ግራ ሰበረችው። ወደ ገደሉ በኩል ወጣች፣ ከተሳቢው ጎን ለጎን ሆነች። የተሳቢው ጎማ በቀኟ መስኮት ቁመት ይሽከረከራል። ከዚህ ጠምዛዛ ወዲያ ምን እንደሚመጣ አይታያትም። ዕቃ የጫነ መኪና ይሁን፣ ባዶ መንገድ ይሁን፣ የሚታያት የተሳቢው ርዝመት ብቻ ነበር፤ አያልቅም። ከዚያ አለቀ። ወደ ቀኝ ተመለሰች።

ያኔ ነው የተናገረችው። ድምጿ ለራሷ እንኳ ገረማት፤ «ውሃ ትፈልጋላችሁ?» ስትል የምታወጣው ድምፅ ነበር።

«ማርቲ፣ እትዬ ዓባይነሽ፣ ስሙኝ። ፍሬን የለኝም። ሃሌሉያን መሃላችሁ አድርጓትና ሁለታችሁም በላይዋ ጎንበስ በሉ። ቀበቷችሁን እንዳትፈቱ።»

ማርቲ «ኢየሱስ!» ብላ ጮኸች። እትዬ ዓባይነሽ ግን አልጮሁም። የልጃቸውን አንገት ይዘው ወደ ታች ጎነበሱ።

የሺሃረግ የሚቀጥለውን መንገድ እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። ከሚቀጥለው ጠምዛዛ በኋላ ሌላ አለ፤ ከሌላው በኋላ ቁልቁለቱ ቀጥ ይልና በዚህ ሰዓት ከብት ወደ ገበያ ይነዳበታል። ከዚያ ድልድዩ ነው። እዚያ ድረስ መሄድ የለባትም። በክረምቱ ከተራራው ተንዶ በቀኝ በኩል የተቆለለ ቀይ አፈር ታያት። የመንገድ ሠራተኞች ጠርገው ዳር ያደረጉት፣ ላዩ ላይ ሣር የበቀለበት። አንደኛ ማርሽ ለማስገባት ታገለች፤ ብረቱ ተንቋቋ፣ ገባ። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበችው። መኪናዋን ወደ አፈሩ ሰጠቻት።

የመኪናዋ ቀኝ ጎን ተራራውን ፋቀ፣ መስታወት ተሰበረ፣ አፍንጫዋ ክምሩ ላይ ወጣ፣ ሰማይ ታየ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ በኩል አጋድሎ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ።

የሺሃረግ ወደ ኋላ መዞር ፈራች። ሕፃኗ አታለቅስም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ ያህል አላለቀሰችም። ከዚያ ሃሌሉያ ሙሉ አየር ስባ እሪ አለች፤ የሺሃረግም ግንባሯን መሪው ላይ አሳርፋ አብራት አለቀሰች።

ተሳቢው ከታች ቆሞ ሾፌሩ ድንጋይ ይዞ እየሮጠ መጣና ከጎማዋ ሥር ታኮ አደረገ። ሚኒባሱም ዞሮ ተመለሰ። ሰው ተሰበሰበ፣ ሴቶቹን አወረዱ። ማርቲ ምንም አልሆነችም። ሕፃኗም አንድ ጭረት የላትም። የእትዬ ዓባይነሽ የግራ እጅ ግን አንጓው ላይ ተሰብሯል፤ አብጧል፣ ይዘውታል፣ አያቃስቱም። የተሳቢው ሾፌር ጢሙ የሸበተ ሰው ነበር። ከላይ ጀምሮ እስከ ክምሩ ድረስ ያለውን የጎማ ምልክት በዓይኑ ተከተለና ራሱን ነቀነቀ።

«በዚህ መንገድ ሃያ ዓመት ተመላልሻለሁ። እዚህ ያለቀውን ሰው አልቆጥርልሽም። እንደዚህ አድርጎ ያወጣ ግን አላየሁም» አላት።

ማርቲ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ልጄን አተረፍሽልኝ፣ ልጄን አተረፍሽልኝ» ትላለች። ከሚኒባሱ የወረዱ ሰዎች በስልካቸው ይቀርጻሉ።

የሺሃረግ ከማርቲ እቅፍ ቀስ ብላ ወጥታ ወደ መኪናዋ ኋላ ሄደች። የግራው ጎማ ከውስጥ በኩል ርሷል፤ ዘይቱ መሬቱ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ነው። ሌላ ሰው አላየውም። በጫማዋ ጫፍ አፈር ገፋ አድርጋ ሸፈነችው።

በረራው አመለጠ። እትዬ ዓባይነሽ ቦንጋ ተመልሰው እጃቸው በጀሶ ታሰረ። የቪዲዮው ወሬ ግን ከእነሱ ቀድሞ ከተማ ገብቶ ነበር። ረቡዕ ጠዋት የባጃጅ ሾፌሮች በደጇ ሲያልፉ ክላክስ ያደርጉ ጀመር። ገበያ ስትሄድ የማታውቃቸው ሴቶች እጇን ይዘው ሳሙት። ተክለጻድቅ ራሱ ቤቷ ድረስ መጥቶ «እኔ ብሆን ኖሮ ገደል ነበርኩ፤ እውነቴን ነው» አላት። ከከተማው ዳር አዲስ የተከፈተ የእንግዳ ማረፊያ ኃላፊም ደወለ፤ እንግዶቻቸውን ሁሉ በቋሚነት እሷ እንድታመላልስ ይፈልጋሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ ስትመኘው የነበረ ጥሪ ነው። «አስቤ ልደውል» አለች።

ልጇ ቤዚ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ቪዲዮውን ለክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ልካለች። «እማዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እይው እንጂ! ስንት ሰው እንዳየው ታውቂያለሽ?» ትላታለች።

«ራሴን አሞኛል» ትላለች የሺሃረግ።

ሐሙስ ጠዋት ላይ ጋሽ ፍቃዱ ደወሉ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው የምስጋና ፕሮግራም እንዳለ፣ ሳትቀር እንድትመጣ ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«መኪናሽን የሚያያት ሙሌ ነው አይደል? ሰኞ አይቷት ነበር አሉኝ።»

«አዎ፣ ግን ጋሽ ፍቃዱ—»

«ገባኝ። ጋራዡን እንዲዘጉበት አደርጋለሁ። እሱን ለእኔ ተዪው» ብለው ዘጉት።

መልሳ ልትደውል ስልኩን አነሳች። ቆማ ቆማ አስቀመጠችው።

አርብ ወደ ጋራዡ ሄደች። ሌላ ጊዜ አምስት ስድስት መኪና የሚቆምበት ግቢ ባዶ ነው፤ ከጎጀብ ተጎትታ የመጣችው የእሷ የተጎዳች መኪና ብቻ ጥግ ላይ ቆማለች። ሙሌ በተገለበጠ ጄሪካን ላይ ተቀምጦ መፍቻዎቹን በቤንዚን ያጥባል። ሲያያት አልተነሳም።

«ትናንት ጋሽ ፍቃዱ መጥተው ነበር። ሰው በተሰበሰበበት የሰው ነፍስ ልትበላ ነበር አሉኝ። ትናንትና የነበሩት ደንበኞቼ መኪናቸውን ይዘው ወጡ።»

«ምን አልካቸው?»

«ምንም።»

«ለምን ምንም?»

ሙሌ መፍቻውን አንስቶ አየውና አስቀመጠው። «ስምንት ዓመት አብረን ሠራን። አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ብዬ ነዋ። እኔ ብናገር ራሱን ለማዳን ነው ይሉኛል።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እስከ እሁድ እጠብቅሻለሁ፣ የሺ። ከዚያ ወዲያ ግን እኔም ልጆች አሉኝ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ቅዳሜ ለቤዚ ነገረቻት። ልጅቷ ስልኳን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ከተናገርሽ ማን ይሳፈርልሻል?» አለች በመጨረሻ።

«ማንም ላይሳፈር ይችላል።»

«ሴት ስለሆነች ነው ይላሉ እኮ።»

«ይላሉ» አለች የሺሃረግ። «እሱ ነው ከሁሉም የሚያቃጥለኝ።»

እሁድ የጋሽ ፍቃዱ ሳሎን በሰው ሞልቶ ነበር። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሽማግሌዎች። የሺሃረግን ከእትዬ ዓባይነሽ ጎን የክብር ቦታ አስቀመጧት። መዝሙር ተዘመረ፣ ተጸለየ። ማርቲ ልጇን አምጥታ የሺሃረግ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። ሃሌሉያ የሺሃረግን አውራ ጣት ይዛ ወደ አፏ ወሰደችው። ጋሽ ፍቃዱ ተነሱ።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አሉ። «እግዚአብሔር በዚህች ሴት እጅ ቤቴን አተረፈልኝ። ነገ ደግሞ ያንን መካኒክ ሥራውን ሳይሠራ ሠራሁ ያለውን ወደሚመለከተው ቢሮ እወስደዋለሁ። የሌላ ሰው ልጅ ከመሞቷ በፊት።»

«ሙሌ ነግሮኝ ነበር» አለች የሺሃረግ።

ቀስ ብላ ስለተናገረች ከአጠገቧ ካሉት በቀር የሰማ አልነበረም። ጋሽ ፍቃዱ «ምን?» አሉ። ሕፃኗን ለማርቲ መልሳ ሰጠችና ተነሳች።

«ሙሌ ጥፋት የለበትም። ሰኞ ቱቦው መበላሸቱን አይቶ ነግሮኛል። በዚህ ሁኔታ ሰው ጭነሽ ጎጀብ አትውረጂ ብሎኛል። መለዋወጫው እዚህ ስለሌለ ጅማ አስቀይረዋለሁ ብዬ እኔ ነኝ የወጣሁት። ሥራው ከእጄ እንዳይወጣ ብዬ ነው።»

አንድ ሰው ሳለ።

ጋሽ ፍቃዱ «አውቀሽ?» አሉ።

«አውቄ።»

«በር ላይ እጄን ጭኜ ስጸልይ አሜን ብለሻል። ያኔም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሰውየው መቀመጫቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ማርቲ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ማንንም ሳታይ ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። እትዬ ዓባይነሽ በጀሶ የታሰረ እጃቸውን በደህናው ደግፈው ለባላቸው በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገሩ። የሺሃረግ የሰማችው ግማሹን ነው። አደጋው ውስጥ ያስገባችንም ያወጣችንም እሷ ናት፣ ሁለቱንም አትርሳ፣ ያሉ መሰላት። የሺሃረግ ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ የሸኛትም የከለከላትም አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ፍቃዱ በእግራቸው ሙሌ ጋራዥ ሄዱ። ሐሙስ ሲሳደቡ ቆመው የሰሙትን ሰዎች፣ የሻይ ቤቷን ባለቤት ጨምሮ፣ አንድ በአንድ አስጠርተው በእነሱ ፊት ሙሌን ይቅርታ ጠየቁት። ማክሰኞ ማርቲን ጅማ ያደረሳት ተክለጻድቅ ነው። የእንግዳ ማረፊያው ኃላፊ መልሶ አልደወለም፤ የሺሃረግ ስትደውልለትም ስብሰባ ላይ ነኝ አላት። ቤዚ እንደፈራችው «ድሮስ ሴት» ያሉ ነበሩ። ያንን ሲሉ የሰማቻቸው ሁሉ ቀድሞ እጇን የሳሙት ሰዎች መሰሏት።

መኪናዋ ሙሌ ጋ አምስት ሳምንት ቆመች። የአራቱንም ጎማ ቱቦ ቀየረ፣ ቆርቆሮውን ቀጠቀጠ፣ ቀለም ቀባ። የሺሃረግ በየቀኑ እየሄደች ዕቃ ታቀብለው ነበር። ስለዚያ ነገር አላወሩም። አንድ ቀን ብቻ፣ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ «ጥሩ አድርገሻል» አላት። የትኛውን እንደሆነ አልጠየቀችውም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ቀስ ብሎ መጣ። በፊት እንደነበረው አይደለም። ያልሰማ የቡና ገዢ ደወለ፤ ማንኪራ ወስዳ መለሰችው። አንዲት ሙሽራ ሰምታም ቢሆን «እኔ እሷን ነው የምፈልገው» አለች። ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ ትንሽ እንኳ ካጠራጠራት፣ ደንበኛው ማንም ይሁን ማን፣ ለተክለጻድቅ ደውላ ሥራውን ትሰጠዋለች። አንድ ሁለት ደንበኞች በዚያው ከእሱ ጋር ቀርተዋል።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። እትዬ ዓባይነሽ ነበሩ። ዴካ የአክስታቸው ልጅ አርፎ ለቅሶ መድረስ አለባቸው።

«መኪናሽ ደህና ናት?» አሏት።

«ደህና ናት እትዬ። ትናንት ሙሌ አይቷታል።»

«እሱንማ ጠይቄዋለሁ» አሉ። «ሦስት ሰዓት ላይ ነይ።»

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል በሩ ላይ ደረሰች። ጋሽ ፍቃዱ ቤት ነበሩ፤ የመስኮቱ መጋረጃ ተንቀሳቅሶ ቆመ፣ ግን አልወጡም። በኋላም በሕይወታቸው በእሷ መኪና አልገቡም፤ መንገድ ላይ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ያልፋሉ። የሺሃረግ ወርዳ የኋላውን በር ከፈተች። እትዬ ዓባይነሽ ጥቁር ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው የተከፈተውን በር አለፉትና የፊተኛውን ራሳቸው ከፍተው ከጎኗ ተቀመጡ። ቀበቷቸውን አሰሩ። ገና ያልጠነከረውን የግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«እንሂድ» አሉ።

ዴካ እስኪደርሱ ድረስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሩ ዋጋ፣ ስለ ሃሌሉያ ጥርስ አወሩ። ዓይናቸው ግን መንገዱን ሁሉ ከየሺሃረግ ቀኝ እግር ላይ አልተነሳም።